ከሶላቱ የሚቀድመው ስፍር

የዒድ አል ፈጥር በዓል ደምቆ የሚታየው በሜዳ ቢሆንም የሚጀመረው ከእህል ጆንያው አጠገብ ነው። ሙስሊሙ አዲስ ልብሱን ለብሶ ለሶላት ከመውጣቱ በፊት ከቤቱ መውጣት ያለበት ድርሻ አለ፤ ዘካተል ፊጥር ይባላል። ልኩ በነፍስ ወከፍ አንድ ሷዕ ነው። አንድ ሷዕ መካከለኛ ሰው ሁለት እጁን ገጥሞ አራት ጊዜ የሚዘግነው እህል ሲሆን፣ በዛሬው ሚዛን ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ ይሆናል። እንግዲህ ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት ከ15 እስከ 18 ኪሎ ይሰፍራል።

የሚሰፈረው የአገሩ ሰው የዕለት ቀለብ ነው። በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን መዲና ላይ ተምርና ገብስ ነበር፤ በእኛ አገር እንደየአካባቢው ጤፍ፣ ስንዴ፣ ማሽላ፣ በቆሎ ወይም ሩዝ ይሆናል። በኢትዮጵያ ብዙ ተከታይ ያለው የሻፊዒይ መዝሀብ (የሃይማኖት ሕግ አስተምህሮ) እህሉ ራሱ እንዲሰጥ ያዛል። የሐነፊ መዝሀብ ደግሞ ግምቱን በገንዘብ መክፈልን ይፈቅዳል።

ከፋዩ ማን እንደሆነ ሲታይ የዚህ ድርሻ ልዩነት ይወጣል። ዓመታዊው ዘካ የሚጠየቀው የተወሰነ ሀብት ላከማቸ ሰው ነው። ዘካተል ፊጥር ግን ባለጸጋ መሆንን አይጠይቅም፤ ለዒድ ሌሊትና ቀን ቤተሰቡን ከሚያበላበት የተረፈው ሰው ሁሉ ይሰጣል። አባወራው ለራሱ፣ ለሚስቱና ለሚያስተዳድራቸው ሁሉ፣ ጾም ለማያውቅ ሕፃን ሳይቀር ይሰፍራል። ከጎረቤቱ የተቀበለ ድሀም የዕለት ጉርሱን ሸፍኖ ከተረፈው፣ በተራው ለሌላ ይሰፍራል። በዚያች ሌሊት ሰጪና ተቀባይ አንድ ሰው ሊሆን ይችላል።

የጊዜ ገደቡም ጥብቅ ነው። ስፍሩ ከዒድ ሶላት በፊት ተቀባዩ እጅ መግባት አለበት። ከሶላት በኋላ የተሰጠ እንደ ማንኛውም ምጽዋት ይቆጠራል እንጂ ዘካተል ፊጥር አይባልም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰው ሁሉ በሚደሰትበት ጠዋት ማንም የሚበላ ፍለጋ ደጅ ለደጅ እንዳይዞር ነው። በዓሉን ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። መጀመሪያ የተራበው ይበላል፤ ከዚያ ይሰገዳል፤ ከዚያ ይደሰቱበታል።

የበዓሉ ቀን ግን እስከ ዋዜማው ድረስ አይቆረጥም። ረመዳን በሒጅራ አቆጣጠር ዘጠነኛው ወር ነው፤ 29 ወይም 30 ቀን ይሆናል። በ29ኛው ቀን ምሽት የሸዋል ወር ጨረቃ ከታየች ማግስቱ ዒድ ነው፤ ካልታየች ጾሙ 30 ይሞላል። ስለዚህ በኢትዮጵያ ከእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት የሚወጣው ማስታወቂያ የተለመደ ቅርጽ አለው፤ «ጨረቃ ዛሬ ከታየች ዒድ ነገ፣ ካልታየች ከነገ ወዲያ ይሆናል» ይላል። ነጋዴው፣ ልብስ ሰፊው፣ ከክፍለ ሀገር የሚመጣው መንገደኛ፣ ዶሮዋን አስራ የምትጠብቀው እናት ሁሉም ያንን አንድ ቃል ይጠብቃሉ። ጨረቃ ታየች ሲባል የረመዳን ሌሊት ሶላት የሆነው ተራዊሕ ይቀራል፤ በምትኩ ከየመስጂዱ ተክቢራ፣ «አላሁ አክበር» የሚለው ውዳሴ፣ ይሰማል። በመርካቶ በታላቁ አንዋር መስጂድ ዙሪያ ያሉ ሱቆች እስከ እኩለ ሌሊት ይገበያያሉ። ሴቶች እጅና እግራቸውን ሒና ይቀባሉ፤ ልጆች ደግሞ አዲስ ልብሳቸውን ከራስጌያቸው አድርገው ይተኛሉ፤ እንቅልፍ ከወሰዳቸው።

ሲነጋ ገላ መታጠብ፣ ያለውን ጥሩ ልብስ መልበስና ሽቶ መቀባት ሱና (የነቢዩ ልማድ) ነው። ከመውጣት በፊት ደግሞ ጥቂት ነገር ይቀመሳል፤ ነቢዩ በዒድ አል ፈጥር ጠዋት ቁጥሩ ጎዶሎ የሆነ ተምር ሳይበሉ ወደ መስገጃው አይወጡም ነበር። ወሩን ሙሉ ከጎሕ በኋላ ውሃ እንኳ ያልቀመሰ ሰው በዚያ ጠዋት በፀሐይ ብርሃን ሦስት ተምር ሲበላ ጾሙ ማብቃቱን በአፉ ያረጋግጣል። በዒድ ቀን መጾም እርም ነው።

ሶላቱ ራሱ አጭር ነው፤ ሁለት ረከዓ (የስግደት ዙር)። አዛን የለውም፣ ኢቃማም (ሶላቱ መጀመሩን የሚያበስረው ሁለተኛ ጥሪ) የለውም። ከሌላው ሶላት የሚለየው በተጨማሪ ተክቢራዎቹ ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ በመጀመሪያው ረከዓ ሰባት፣ በሁለተኛው አምስት ጊዜ ይባላል፤ በሐነፊ በየረከዓው ሦስት ሦስት ነው። ኹጥባው (ስብከቱ) ደግሞ እንደ ጁምዓ ቀድሞ ሳይሆን ከሶላቱ በኋላ ይመጣል። ቦታው ሰፊ ሜዳ ቢሆን ይመረጣል፤ ነቢዩ መስጂዳቸው እያለ ለዒድ ወደ ሜዳ ይወጡ ነበር። ሴቶችም እንዲወጡ አዘዋል፤ በወር አበባ ላይ ያሉት እንኳ ከመስገጃው ራቅ ብለው ዱዓውንና ደስታውን እንዲካፈሉ።

አዲስ አበባ ውስጥ ያ ሜዳ ስታዲየሙና ዙሪያው ነው። ገና ሳይነጋ ከመርካቶ፣ ከአስኮ፣ ከኮልፌ፣ ከቤተል፣ ከሳሪስ የሚመጣ ሕዝብ በየመንገዱ እየተቀላቀለ ይወርዳል። አባቶች ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ ወጣቶች ተክቢራውን እየተቀባበሉ፣ እናቶች ሕፃናት አዝለው ይመጣሉ። ስታዲየሙ ሲሞላ ሰልፉ ወደ መስቀል አደባባይ፣ ወደ ለገሀር፣ ወደ ሜክሲኮ በሚወስዱት አስፋልቶች ላይ ይቀጥላል። መስገጃ ያልያዘ ሰው ካርቶን ወይም ላስቲክ ያነጥፋል፤ ወይም ከአጠገቡ ያለው ሰው መስገጃውን አግድም ዘርግቶ ያጋራዋል። ከዚያ አንድ ድምፅ ይሰማል፤ ያ ሁሉ የከተማ ሁካታ ጸጥ ይላል፤ ሕዝቡም በአንድ ጊዜ ያጎነብሳል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከኢትዮጵያ ሕዝብ 33.9 በመቶው ሙስሊም ነበር። ይህ በወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ለዐይን የሚታየው በዚህ ጠዋት ነው።

ሶላት ሲያበቃ ሰው ሲመጣ በተጓዘበት መንገድ አይመለስም። በሌላ መንገድ መመለስም የነቢዩ ልማድ ነው። በሄደበት ያላገኘውን ሰው በመልሱ ሰላም ይለዋል፤ «ዒድ ሙባረክ»፣ «እንኳን አደረሰህ»፣ ሃይማኖቱን ጠልቀው ያወቁት ደግሞ «ተቀበለላሁ ሚና ወሚንኩም» ይላሉ፤ አላህ ከእኛም ከእናንተም ይቀበል ማለታቸው ነው።

ስለ መጀመሪያዎቹ የዒድ ቀናት የተላለፉልን ዘገባዎች ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ልዩ ነገር አላቸው። የዒድ ሶላት የተጀመረው ነቢዩ ወደ መዲና ከተሰደዱ በኋላ በሁለተኛው ዓመት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ624 ነው። የመዲና ሰዎች ቀድሞ የሚጫወቱባቸው ሁለት ቀናት ነበሯቸው፤ ነቢዩ በእነዚያ ምትክ አላህ ሁለቱን ዒዶች እንደሰጣቸው ነገሯቸው። በሐዲስ መጻሕፍት እንደተዘገበው በአንድ የዒድ ቀን ሐበሾች ጦርና ጋሻ ይዘው በነቢዩ መስጂድ ውስጥ ይጫወቱ ነበር። ነቢዩ «የአርፊዳ ልጆች» ብለው እየጠሯቸው እንዲቀጥሉ አበረታቷቸው፤ ባለቤታቸው ዓኢሻም ከኋላቸው ቆማ እስክትጠግብ ድረስ ተመለከተች። በዒድ ጨዋታ ክልክል ነው ብሎ ለሚከራከር ሰው ይህ ዘገባ ዛሬም መልስ ሆኖ ይቀርባል። የጨዋታው ባለቤቶች ደግሞ ከእኛ ምድር የሄዱ ሰዎች ነበሩ።

ሐበሻዊው ቢላልም በዚያ ታሪክ ውስጥ አለ። ነቢዩ በዒድ ሶላትና ኹጥባ ካደረጉ በኋላ ወደ ሴቶቹ ሰልፍ ሄደው ምጽዋት እንዲሰጡ ሲመክሩ፣ ልብሱን ዘርግቶ የቆመው ቢላል ነበር። ሴቶቹ የጆሮ ጉትቻቸውንና ቀለበታቸውን እያወለቁ በተዘረጋው ልብስ ላይ ጣሉ። ከንጉሥ ነጃሺ በስጦታ የተላከ አጭር ጦርም ነበር ይባላል፤ በዒድ ቀን ቢላል ያንን ይዞ ከነቢዩ ፊት እየሄደ፣ በሜዳው ላይ የሶላቱ መጋረጃ እንዲሆን ይተክለው ነበር።

ከሶላት መልስ በዓሉ ወደ ቤት ይገባል። ብዙ ሰው ዒድ አል ፈጥርን ከዒድ አል አድሃ፣ ማለትም ከዐረፋ ጋር ያቀላቅለዋል። የእርድ ሥርዓት ያለው በዐረፋ ነው፤ በፈጥር በግ የሚያርድ ሰው የሚያርደው ለእንግዳና ለቤተሰብ እንጂ ለአምልኮ አይደለም። ስለዚህ የፈጥር ማዕድ እንደ አቅም ነው። ዶሮ ወጥ ያለው ዶሮ፣ ቅቅል ያለው ቅቅል፣ የሌለውም ሽሮና ዳቦ ያቀርባል። በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና በሐረር ቤቶች ሙሸበክና ሐልዋ፣ ባቅላባና ብስኩት ከቡናው ጋር ይቀርባል። ዕጣኑ ይጨሳል፣ ጀበናው ይጣዳል። በወሎ ገጠር ደግሞ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ዱዓ ያደርጋሉ፤ መንዙማም (መንፈሳዊ ዜማ) ይባላል። ከዚያ ዘመድ ጥየቃ ይመጣል፤ የታመመ፣ የታሰረ፣ ሐዘን የተቀመጠ ቀድሞ ይጎበኛል።

የጎረቤት ነገር ሰፊ ወሬ ነው። በኢትዮጵያ ልማድ ሙስሊሙ የክርስቲያኑን፣ ክርስቲያኑም የሙስሊሙን ሥጋ አይበላም። ይህ ልዩነት ግን ማዕዱን አላስቀረውም። በወሎ የሁለቱ እምነት ተከታዮች በጋብቻና በዘር የተሳሰሩ ናቸው፤ ድግስ ሲኖር ለክርስቲያን እንግዳ በክርስቲያን እጅ ይታረዳል፣ በሌላ ድስት ይሠራል፣ በሌላ ሳህን ይቀርባል። ይህን ለማድረግ ተጨማሪ ማገዶ፣ ተጨማሪ ዕቃ፣ ተጨማሪ እንቅልፍ ማጣት ይጠይቃል። ደጋሹ ያንን ሁሉ ከፍሎ ጎረቤቱን ይጠራል። ስለ መቻቻል በየመድረኩ ብዙ ይነገራል፤ ከንግግሩ ሁሉ ይልቅ ያ ሁለተኛው ድስት ይበልጣል። ባለፉት ዓመታት በአንዳንድ ከተሞች የክርስቲያን ወጣቶች የዒድ መስገጃውን ቦታ ሲጠርጉ፣ የሙስሊም ወጣቶች ደግሞ ለጥምቀትና ለመስቀል አደባባዩን ሲያጸዱ ታይተዋል።

ይህ በዓል በአገሪቱ ሕግ ፊት እንዲህ የታወቀው ግን በቅርብ ጊዜ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የሙስሊም በዓላት ከመንግሥት በዓላት ዝርዝር ውስጥ አልነበሩም። በዒድ ቀን ትምህርት ቤት ክፍት ነበር፤ መሥሪያ ቤትም ክፍት ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ከመቶ ሺህ በላይ የተገመተ ሕዝብ በአዲስ አበባ አደባባይ ወጣ። ሰልፈኞቹ የሃይማኖት እኩልነት ጠየቁ፤ በዓላቸው እንዲከበር፣ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባላቸው ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንዲባሉ ጠየቁ። አብረዋቸው የተሰለፉ ክርስቲያኖችም ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. ወታደራዊው መንግሥት ዒድ አል ፈጥርን፣ ዒድ አል አድሃንና መውሊድን የሕዝብ በዓላት አደረጋቸው። ዛሬ ጠዋት በስታዲየሙ ዙሪያ የሚሰግድ ወጣት ይህን ታሪክ ሊያውቀው ይገባል፤ አያቱ ለዒድ ፈቃድ ለምኖ ወይም ከደመወዙ ተቆርጦበት የሰገደ ሊሆን ይችላልና።

በሐረር በዓሉ በአንድ ቀን አያልቅም። ከዒድ ማግስት ጀምሮ ስድስት የሸዋል ቀናት ይጾማሉ። ረመዳንን ጾሞ ስድስት ቀን የጨመረ ዓመቱን ሙሉ እንደ ጾመ ይቆጠርለታል የሚል ሐዲስ አለ። ሊቃውንቱ ስሌቱን ሲያስረዱ እያንዳንዱ መልካም ሥራ በአሥር ይባዛል፤ 30 ቀን 300፣ 6 ቀን 60 ይሆናል፤ ድምሩ 360 ነው ይላሉ። በሐረር ይህ ጾም በተለይ የሴቶች ነው፤ በረመዳን በወር አበባ ምክንያት ያለፋቸውን ቀናት ይተኩበታል። ጾሙ ሲያልቅ የሚመጣው በዓል ሹዋሊድ፣ በሌላ አጠራሩ የሸዋል ዒድ ነው።

ሹዋሊድን የሐረሪ ሕዝብ ከሌላው ዓለም ለይቶ እንደ ራሱ ዋና በዓል ያከብረዋል። ሐረርን በከበበው የጀጎል ግንብ ውስጥ፣ በአውሊያዎች (በቅዱሳን) ሥፍራ ሕዝቡ ይሰበሰባል። ከረቡ የሚሉት ከበሮ ይመታል፤ ከበል የሚባሉት የእንጨት ማጨብጨቢያዎች ይጋጫሉ፤ ዚክሪው (የውዳሴ ዜማው) በሌሊት ይጀምራል። ሴቶቹ አትላስ የሚሉትን የሐር ቀሚሳቸውን ለብሰው ይወጣሉ። ያላገቡ ወጣቶች በዚያ ሕዝብ መካከል ይተያያሉ፤ ብዙ የሐረሪ ትዳር የተጠነሰሰው በሹዋሊድ ምሽት ነው ይባላል። ግንቡን በ16ኛው መቶ ዘመን ያስገነባው አሚር ኑር ነው፤ ከተማዋን በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበ። ሹዋሊድ ደግሞ በኅዳር 2016 ዓ.ም. ቦትስዋና ውስጥ ካሳኔ በተባለች ከተማ በተደረገ የዩኔስኮ ጉባኤ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ። ከመስቀል፣ ከፍቼ ጨምበላላ፣ ከገዳና ከጥምቀት ቀጥሎ ለኢትዮጵያ አምስተኛው ነው። ሐረርን ለመጎብኘት የሚያስብ ሰው ምርጫ ካለው የሸዋልን ስምንተኛ ቀን ይምረጥ፤ ከተማዋ ከዚያን ቀን የበለጠ ራሷን የምትገልጥበት ጊዜ የለም።

የሒጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ ዒድ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል። በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶቹን ሁሉ ዞሮ ይጨርሳል። አንድ ሰው በዕድሜው ዒድን በሐምሌ ዝናብም በጥር ፀሐይም ይሰግዳል። ይህ መሸሽ በኢትዮጵያ ሌላ ውጤትም አለው፤ በዓሉ ከክርስቲያኑ አቆጣጠር ጋር እየተገናኘ ያልፋል። በ2014 ዓ.ም. ዒድ የዋለው ሚያዝያ 24 ሲሆን፣ ከፋሲካ ስምንት ቀን በኋላ ነበር። በ2015 ከፋሲካ በአምስተኛው ቀን ዋለ፤ ያን ዓመት ረመዳን ከሞላ ጎደል በዐቢይ ጾም ውስጥ ስላለፈ፣ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሰዎች አንዱ ምሳ ሳይበላ፣ ሌላው ሥጋና ወተት ሳይቀምስ አብረው ከረሙ። በ2016 ዒድ ሚያዝያ 2 ሲውል ግን ክርስቲያኑ ገና ሁዳዴ ላይ ነበር።

በስሌት ከታየ ይኸው ሁኔታ እስከ 2021 ዓ.ም. ይቀጥላል። በ2022 ዒድ በጥር የመጨረሻ ቀናት ስለሚውል ከዐቢይ ጾም ይወጣል፤ በ2024 ደግሞ ከጥምቀት አንድ ሳምንት ያህል ቀደም ይላል። እስከዚያው በዒድ ቀን የክርስቲያን ጎረቤቱን የሚጠራ ሰው በዘይት የተሠራ ሽሮና የምስር ሳምቡሳ ለይቶ ያስቀምጥ። የተጠራውም ጾም ነኝ ብሎ አይቅር፤ ገብቶ «ዒድ ሙባረክ» ይበል፣ ቡናውንም እስከ በረካ ይጠጣ።